የገጠር ውሃ ጉድጓድ ከነዋሪው ጋር እንዴት ይሠራል? ለክልልና ለወረዳ ባለሙያዎች

ገጠር ስትወጡ የቆመ የእጅ ፓምፕ ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውሃ አለው፤ ያለቀችው አንዲት ትንሽ ጎማ ናት። ጎማዋን የሚገዛ ግን የለም። ነዋሪው «የመንግሥት ነው» ይላል፤ ወረዳው «አስረክበናል» ይላል።

በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ፣ ሌላ አሠራር ተጀመረ። የግንባታው ገንዘብ ለኮንትራክተር አይሰጥም። በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ነዋሪው ለመረጠው የውሃ ኮሚቴ ይደርሳል። ኮሚቴው ዕቃ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ያሠራል። ወረዳው ያማክራል፣ ይቆጣጠራል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎችም ሄዷል። እኔ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. ቀኑን አስተካክሉ

የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ገበሬው ሐምሌና ነሐሴ እርሻ ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ላይ። ፋታ የሚያገኘው ከጥር ወዲህ ነው። የእጅ ጉድጓድም መቆፈር ያለበት በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ውሃው ወደ ታች በራቀበት ጊዜ ነው። በመስከረም የተቆፈረ ጉድጓድ ቶሎ ውሃ ያሳያል፤ በጋው ሲጠና ይደርቃል።

ስለዚህ ጉድጓድ የሚፈልገውን ነዋሪ ማመልከቻ በጥቅምት ተቀበሉ። ገንዘቡ በጥር ኮሚቴው እጅ ይግባ። ክልሉ ግንቦት ላይ ለቅቆ «እስከ ሰኔ 30 ጨርሱ» ካለ ሥራው ከወዲሁ ተበላሽቷል። የተፋሰስ ዘመቻውም በብዙ ወረዳ ጥርና የካቲት ላይ ስለሚውል ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አለዚያ አንዱን ገበሬ በአንድ ቀን ሁለት መሥሪያ ቤት ይጠራዋል።

2. ቦታ መርጣችሁ ወደ ስብሰባ አትሂዱ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመስጠት መብት አላቸው ይላል። «እዚህ ልንቆፍር ነው፤ ምን ትላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይህን መብት አያከብርም። ሰው እንግዳ ላለማሳፈር «ጥሩ ነው» ይላችኋል። እሺታውን እንደ ስምምነት አትቁጠሩት።

«ሚያዝያ ላይ ከየት ትቀዳላችሁ? የማይደርቀው ምንጭ የቱ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። መልሱን በደንብ የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው፤ በትልቅ ስብሰባ ላይ ግን ብዙዎቹ አይናገሩም። ሴት ባለሙያ ውሃ መቅጃው ድረስ ሄዳ ታነጋግራቸው። ስብሰባውን በበዓል ቀን፣ ሰው ሥራ በማይዝበት ሰዓት አድርጉት። የእድር ዳኞቹ፣ ቄሱ፣ ሼሁ ቀድመው ይስሙ። በሚሊሻ ጥሪ የመጣ ሰው ኮታ ሊሞላ እንጂ ሊወስን አይመጣም።

ኮሚቴውንም ያው ስብሰባ ይምረጥ። ቢያንስ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ። ቀበሌው ስም ጽፎ ከመጣ ምርጫውን ለሌላ ቀን አዙሩት። ሰዉ እድር ሲያስተዳድር የኖረ ነው፤ ገንዘብ ያዥ ማን መሆን እንዳለበት ያውቃል።

3. ገንዘቡን በእውነት አስረክቡ

መሥሪያ ቤቶች የሚፈሩት ይህን ነው። «ይበሉታል» ይባላል። የሚበላ ሰው የትም አይጠፋም። ነገር ግን ጎረቤቱ ሒሳቡን የሚሰማበት ገንዘብ፣ ሩቅ ከተማ በጨረታ ከሚወጣ ገንዘብ ይልቅ ለመብላት ይከብዳል።

ግማሽ ርክክብ ግን ከነጭራሹ አለማስረከብ ይከፋል። አንድ ወረዳ የኮሚቴውን የቁጠባ ደብተር «እንዳይጠፋ» ብሎ ቢሮው ውስጥ ቆልፎበት አይቻለሁ። ኮሚቴው በተጠራ ቁጥር እየመጣ ይፈርማል። ሲሚንቶው በስንት እንደተገዛ የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ ፓምፑ ሲበላሽ ነዋሪው «የገዙት ይጠግኑት» አለ። ትክክል ነበር። ደብተሩ ገንዘብ ያዥዋ ቤት ይደር። ብር ለማውጣት ከአንድ በላይ ፈራሚ ይኑር፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ ሴት ትሁን። ክፍያው በየዙሩ ይለቀቅ፤ ያለፈው ዙር ሳይወራረድ ቀጣዩ አይውጣ። ወጪው በየወሩ እድር በሚሰበሰብበት ቀን ጮክ ተብሎ ይነበብ። በቴሌግራም መላክ ይህን አይተካም፤ ስልክ የሌላቸው ብዙ ናቸው።

ሥራውን የሚያንቀው ብዙ ጊዜ ደረሰኝ ነው። ድንጋይና አሸዋ የሚሸጠው ጎረቤት ደረሰኝ ከየት ያመጣል? የወረዳው ፋይናንስ አልቀበልም ይላል፤ ኮሚቴውም ሌባ መስሎ ይቀራል። ክልሉ ከመጀመሪያው አንድ ቀላል ቅጽ ያጽድቅ፦ የሻጩ ስምና ፊርማ፣ የዕቃው ዓይነትና ዋጋ፣ ሁለት ምስክሮች። ኦዲተሮቹም ቅጹን አስቀድመው ይወቁት። የሲሚንቶና የብረት ዋጋም በየዓመቱ ይከለስ። በአምና ዋጋ የተሠራ በጀት ይዞ ገበያ የወጣ ኮሚቴ ሥራውን ከግማሽ ያቆማል።

4. የጥገናው ብር ከቁፋሮው ይቅደም

ለጥገናው የሚያዋጣውን መጠን ነዋሪው ይወስን፤ መክፈል የማይችሉትን ራሱ ይለያቸዋል። ብሩ ተሰብስቦ ሳይቆጠብ ቁፋሮ አይጀመር። ከዚያ በኋላ ያለውን ግንባታ ግንበኛውና የወረዳው ቴክኒሻን ያውቁበታል።

ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንዷ ሴት፣ ፓምፑን ፈትቶ መግጠም ይልመዱ። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ የመንደር ሰው እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። ቶሎ የሚያልቁት ጎማዎቹ ናቸው። መፍቻና መለዋወጫ የሌለው ሥልጠና ግን ዋጋ የለውም። ክልሉ መለዋወጫው በወረዳው ከተማ፣ ባለሱቅ እጅ እንዲገኝ ያድርግ። መንገድ በተዘጋበት፣ ባለሙያ መግባት ባልቻለበት ወቅት ፓምፑን በሥራ ላይ የሚያቆዩት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።

5. በበጋ ተመለሱ

የምረቃ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። በሚያዝያ ሂዱ። የቁጠባ ደብተሩን እዩ፤ በፓምፑ ራሳችሁ ውሃ ቅዱ። ክልሉም ወረዳዎችን ሲመዝን ስንት ጉድጓድ እንደቆፈሩ ትቶ ስንቱ ውሃ እየሰጠ እንደሆነ ይጠይቅ። ለኮሚቴው የአንድ የክልል ባለሙያ ስምና ስልክ ስጡት። አቤቱታው የመጣበትና መልስ የተሰጠበት ቀን ይመዝገብ። መዝገቡን በየሩብ ዓመቱ የቢሮው ኃላፊ ራሱ ይየው።