የመንገድ ዳር ሐውልት እንዴት ይነበባል?

«ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» የሚለውን የወያላ ጥሪ ስሰማ ነው ያደግኩት። አደባባዩ መሃል የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት በቀን ሁለት ጊዜ አየዋለሁ። አንብቤው ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን የእህቴን ልጅ ከትምህርት ቤት ይዤው ስመጣ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የምንድነው?» አለኝ። «ጣልያን በ1937 ለጨፈጨፋቸው ሰዎች መታሰቢያ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ጃንሆይ በ33 ተመልሰው የለ እንዴ?» አለኝ። ደነገጥኩ። ልጁ ልክ ነው። 1937 የፈረንጆቹ ዓመት ነው፤ በእኛ 1929 ዓ.ም. ነው። የሆነ ቦታ አንብቤ ሳላጣራ ይዤው ኖሬ ለልጅ አስተላለፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ይዤ መዞር ጀመርኩ። እስካሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዙሩት። አብዛኛው ሰው ሐውልትን ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ጀርባው ላይ፣ ከሥሩ፣ ደረጃው አጠገብ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ግን ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር ትነግራችኋለች፦ ማን አሠራው፣ መቼ፣ ማን መረቀው። የስድስት ኪሎው ሐውልት 28 ሜትር ነው፤ ዓይን ወደ ላይ ይሄዳል። ታሪኩ ግን ታች ነው፣ ዙሪያውን ባሉት የነሐስ ቅርጾች ላይ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀስ ብዬ ዞርኩት። የወደቁ ሰዎች አሉ፣ የሚያለቅሱ አሉ። ቅርጾቹን የሠሩት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሚባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። ሐውልቱ ከዩጎዝላቪያው መሪ ከማርሻል ቲቶ የተሰጠ ስጦታ ነው። በፋሺስት ወረራ የተጎዳ አገር፣ በፋሺስት ወረራ ለተጎዳ አገር የሰጠው። እኔ ይህን ሳውቅ ሐውልቱ ሌላ ሐውልት ሆነብኝ።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱ። እዚህ ጋ ተረጋጉ፤ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ቁጥሩ በግዕዝ ከሆነ አትፍሩት፣ በአፋችን እንደምንጠራው ነው የተጻፈው። ፲፱፻፳፱ን ውሰዱ። ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፳፱ ሃያ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኝ። አለቀ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ፣ ከአሥር እስከ ዘጠና፣ ከዚያ ፻ን ከያዛችሁ ማንኛውንም ሰሌዳ ታነባላችሁ። እኔ ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ወደ ፈረንጅ ዓመት መቀየር ካስፈለጋችሁ «8 ደምር» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ወሩን እዩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ነው የሚደመረው፣ ከዚያ በኋላ 8። ፒያሳ ጊዮርጊስ ፊት ያለው የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጃንሆይ ንግሥ ዋዜማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ነው። 7 ሲደመር 1930 ይሆናል። አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑት ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው። እዚህ 8 ሲደመር 1936። ሁለቱም በወሩ 22ኛ ቀን፣ ድምሩ ግን ይለያያል።

ሰሌዳው ላይ ያለውን ግስም አትዝለሉት። «የመሠረት ድንጋይ ተጣለ» ማለትና «ተመረቀ» ማለት አንድ አይደለም፤ በመሃላቸው ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። «ታደሰ» ከሆነ ደግሞ የምታዩት ዓመት የእድሳቱ ነው፣ የመጀመሪያው አይደለም። አኅጽሮተ ቃል ካጋጠማችሁም አትዝለሉ። «ቀ.ኃ.ሥ.» ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው።

ጽሑፉ ደብዝዞ ከሆነ ኖራ አትቀቡት፣ ውሃ አታፍስሱበት፣ በቁልፍም አትፋቁት፤ ድንጋዩን ትጎዱታላችሁ። በምትኩ ጠዋት 1 ሰዓት ወይም ማታ 11 ሰዓት ላይ ሂዱ። ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው ፊደሉ ጥላ ይሠራል፣ ይነበባል። ቀን 6 ሰዓት ላይ ግን ያው ድንጋይ ባዶ ይመስላል። የስልካችሁን መብራት ከጎን አስጠግታችሁ ብታበሩም ይሠራል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን በአቅራቢያው ጥበቃ ካለ «እንደምን ዋሉ» ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናችኋል።

አንድ በጣም የምወዳት ዘዴ አለች። በቆዩ ጽሑፎች ላይ አንዳንዴ ከዓመቱ ጋር «ዘመነ ማቴዎስ» ወይም «ዘመነ ሉቃስ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዓመቶቹ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉና። የመጨረሻዋ ቁጥር ጠፍታ «፲፱፻፳…» ብቻ ቀርታ እንበል፣ ግን ዘመነ ማቴዎስ ይላል። ዓመቱ ላይ 5500 ደምሩና ለአራት አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። ስለዚህ የጠፋው ዓመት 1921፣ 1925 ወይም 1929 ነው። ከአሥር ዓመት ወደ ሦስት ወረደ ማለት ነው።

ጽሑፍ የሌለው ሐውልትም ይነበባል። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ወደ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ጣልያኖች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ ደረጃ። አገሩ ነጻ ሲወጣ አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። በየካቲት 12 የጣልያኑ ገዢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የወረወሩት፣ እዚሁ ግቢ ነው። እዚያ ቆማችሁ ደረጃውን ከታች ወደ ላይ በዓይናችሁ ቁጠሩትና አንበሳው ላይ ስትደርሱ ቁሙ።

የሟች ቁጥር ስታገኙ ደግሞ ማን እንደቆጠረው ጠይቁ። ለየካቲት 12 የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ቁጥር 30,000 ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የተሠራ ጥናት ደግሞ ወደ 19,000 ይጠጋል ይላል። ሁለቱንም ጻፉ፣ ከነምንጫቸው። ከቁጥሩ ጀርባ ያሉት የሰው ልጆች ናቸውና በግምት አትለፏቸው።

ከዚያ ሰው ጠይቁ። ሊስትሮ፣ ጋዜጣ አዟሪ፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ እህት። ሐውልት ይነሳል፣ ይመለሳልም። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡሩ ሥራ በ2005 ተነስቶ በ2008 ተመልሷል። የተነሳ ቀን ቆመው ያዩ ሰዎች አሁንም እዚያው ሠፈር አሉ። እኔ አንድ አባት ጠየቅኩ። «ልጄ፣ የዚያን ቀን ከዚህ በርጩማ አልተነሳሁም» አሉኝ። ቃላቸውን ደብተሬ ላይ ከነቀኑ ጻፍኩት።

በመጨረሻ፣ ሠፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚመዘግብ ሰው ካለ እንዴት እንደምታመሰግኑት ልንገራችሁ። «በርታ» ማለት ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል። ከዚያ የበለጠው ግን «በስተጀርባ ያለችውን ሰሌዳ አላየሃትም» ማለት ነው። «ዓመቱ ተሳስቷል» ማለት ነው። ባለፈው አንዲት እናት አስቁመውኝ፣ «እናቴ ስለዚያ ጊዜ የነገረችኝ አለ፣ ትጽፍልኛለህ?» አሉኝ። አስፋልቱ ዳር፣ አጥር ተደግፈን፣ ታክሲው እየጮኸ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። የቀረውን ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ እጨርሳለሁ።