በወረርሽኝ ጊዜ በድሬዳዋ ሙቀት የጋራ ጸሎትን እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

ይህ መመሪያ እንደ ኮቪድ በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ለመስጊድ ኮሚቴም ለሰበካ ጉባኤም ያገለግላል። በቅድሚያ ምን እንደተከለከለ ጤና ቢሮውን ጠይቁ። በ2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር፤ እንዲህ ያለ እገዳ ካለ የሚጸለየው በየቤቱ ነው። ከተፈቀደ ግን ሥራው የሚጀምረው ከሜትር ነው።

ወለሉን ለኩ። በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ሲያዝ ለአንዱ 4 ካሬ ሜትር ገደማ ይደርሳል። 20 በ10 ሜትር የሆነ አዳራሽ 200 ካሬ ነው፤ መተላለፊያውና የበሩ አካባቢ 40 ቢወስድ የሚገባው 40 ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ቢሆንም ሰውን አታጠጋጉ፤ የተረፈውን ወደ ግቢ አውጡ፣ ደጅ ላይ ትንፋሽ አይታፈንም።

ድሬ ላይ የደጅ ችግሩ ፀሐይ ነው። ጁምዓ የሚሰገደው በቀትር ስለሆነ፣ ጠዋት በኖራ ያሰመራችሁትን መስመር ሰው ትቶ ጥላው ሥር ይታጨቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሸራ ወጥሩ፤ ጥላው በስግደቱ ሰዓት የት እንደሚያርፍ አይታችሁ ከዚያ አስምሩ። ሸራው ከላይ ብቻ ይሁን። ጎኑ ከተጋረደ ክፍል ሆነ ማለት ነው።

ውስጥ ለሚቀሩት ትይዩ ያሉ በርና መስኮቶች ይከፈቱ። የጣሪያ ማራገቢያ መስኮት ተዘግቶ ሲሽከረከር ያንኑ አየር ያዞረዋል እንጂ አያወጣውም። የሚቆም ማራገቢያ ካለ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ መስኮት ሥር አቁሙት። ማስክ አፍንና አፍንጫን ሸፍኖ ይደረግ፤ በተለይ አብሮ ሲዘመር፣ ድምፅ ከፍ ሲል ትንፋሽም አብሮ ይበዛልና።

ለእጅ መታጠቢያ በሰው ግማሽ ሊትር ያዙ፤ ለ300 ሰው 150 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስምንት። የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ሳሙና ቶሎ አረፋ አያወጣም፣ የቧንቧው አፍም ይደፈናል፤ ትርፍ ቧንቧ አዘጋጁ። እጅ ለ20 ሰከንድ ይታሽ። ሳኒታይዘር የተቀባ ሰው እጁ ሳይደርቅ ጧፍ አይለኩስ፣ አልኮል በእሳት ይያያዛል።

በር እጀታና መደገፊያ መጀመሪያ በሳሙና ይጠረግ፤ ቆሻሻ የበረኪናን ጉልበት ይበላል። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 200 ሚሊ ሊትር በ9.8 ሊትር ውሃ በጥብጡና በጨርቅ ቀቡ፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እርጥብ ይቆይ። በረኪና በሙቀትና በፀሐይ ስለሚዳከም ጥላ ውስጥ አኑሩት፣ የተበጠበጠውንም በየቀኑ አዲስ አድርጉት። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሰው ላይ ፈጽሞ አትርጩ፤ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ በሽታውንም አያስቆምም።

ውዱእ፣ ማለትም ከስግደት በፊት ያለው መታጠብ፣ በየቤቱ ተደርጎ ይመጣ፤ መስገጃም የየራስ ይሁን። ጸበል በየራስ ዕቃ ይቀዳ፣ መስቀልም ከሩቅ ይባረኩበት። ይህ ለብዙ ምእመን ከባድ ነው። ስለዚህ በድምፅ ማጉያ የሚነገረው በጤና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን በራሳቸው በካህኑና በኢማሙ አንደበት ይሁን።

ልፋቱ ሁሉ የሚበላሸው ግን ሲወጣ ነው። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ጫማ ሲፈልግ በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማል። እያንዳንዱ ጫማውን በከረጢት ይዞ ከጎኑ ያስቀምጥ። አስተናጋጆች ከበሩ አጠገብ ካለው ረድፍ ጀምረው ተራ በተራ ያስነሱ፤ የፊተኛው ረድፍ መጨረሻ ይውጣ። ሰላምታውም ከበር ውጭ፣ እጅ ሳይጨባበጡ።