የልጆቻችን ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚወሰንበት ስብሰባ፦ እንዴት ትከታተሉታላችሁ?

እንግሊዝ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህ ሳይገጥመው አይቀርም። ልጁን በንባብ ትረዳው የነበረችው ረዳት መምህርት ከእረፍት መልስ የለችም። ርዕሰ መምህሯን ሲጠይቅ "በጀቱ አልበቃንም" ይባላል። ካውንስሉ ጋ ሲደውል ደግሞ "ገንዘቡን ለትምህርት ቤቱ ሰጥተናል" የሚል መልስ ያገኛል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ነገሩ ያለቀው ግን ከወራት በፊት፣ ርዕሰ መምህራንና የካውንስሉ የፋይናንስ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲነጋገሩ ነው። ያ ስብሰባ ስኩልስ ፎረም ይባላል። ለማንም ክፍት ነው። ከኛ ማኅበረሰብ ሰው ግን ሲገባበት እምብዛም አላይም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

እኔም ብሆን ዘግይቼ ነው የነቃሁት። ጋቨርነር (የትምህርት ቤት የአስተዳደር ቦርድ አባል) በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ አዲስ ለመጡ ልጆች እንግሊዝኛ የሚያግዝ የካውንስል አገልግሎት ሊዘጋ ነው ሲባል በሜይ ወር ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ ሁለት መስመር ነበር፦ ውሳኔው ኖቬምበር ላይ በድምፅ ተላልፏል፣ ቃለ ጉባኤው ድረ ገጹ ላይ አለ። ገብቼ አነበብኩት። የመከራከሪያው ወረቀት፣ የገንዘቡ መጠን፣ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ሁሉም እዚያው ተቀምጧል። ስድስት ወር ሙሉ አጠገቤ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የካውንስላችሁን ስም ጽፋችሁ አጠገቡ "ስኩልስ ፎረም" ብላችሁ ፈልጉ። የምትኖሩት ዲስትሪክት ካውንስል ባለበት አካባቢ ከሆነ ትምህርት የሚመለከተው የካውንቲ ካውንስሉን ስለሆነ እዚያ ፈልጉ። ወረቀቶቹንና ውሳኔዎቹን ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ግዴታ ነው። ፎረሙ ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ ሕግ ያቋቋመው አካል ነው። በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ መሰብሰብ አለበት። ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የትምህርት ቤቶችና የአካዳሚዎች (በካውንስሉ ሥር ያልሆኑ፣ ገንዘባቸው በቀጥታ ከመንግሥት የሚመጣ ትምህርት ቤቶች) ተወካዮች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ርዕሰ መምህራን፣ ከነሱ ጋር ጋቨርነሮች። የካውንስሉ ሠራተኞች ወረቀት ያቀርባሉ፣ ያብራራሉ፣ ድምፅ ግን አይሰጡም። ይህቺን ነጥብ ያዟት፤ ብዙ ወላጅ ካውንስሉን ሲወቅስ ድምፁን የሰጠው የራሱ ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት ተወካይ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመንግሥት ለካውንስሉ የሚመጣው ዋናው ገንዘብ ዴዲኬትድ ስኩልስ ግራንት ይባላል፤ ወረቀት ላይ ዲ ኤስ ጂ ተብሎ አጥሮ ታገኙታላችሁ። አራት ቋት አለው። አንዱ የመደበኛ ትምህርት ቤቶች ነው፣ ትልቁም እሱ ነው። ሁለተኛው ካውንስሉ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች በማዕከል ለሚሠራቸው ሥራዎች የሚውል ነው። ሦስተኛው ሃይ ኒድስ የሚባለው፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ነው። አራተኛው የሕፃናት ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው፤ ከየትኛው ቋት ወደ የትኛው ይሂድ የሚለው ላይ።

አሁን ወደ ጊዜው። ይህን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምንሸወደው በቀኑ ነው። በኦክቶበር የመጀመሪያው ሐሙስ ገደማ የተማሪ ቆጠራ ይደረጋል። የሚመጣው ዓመት በጀት የሚሰላው በዚያ ቀን በተመዘገቡት ልጆች ነው። ከዚያ በኋላ የገባ ልጅ በአብዛኛው እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ በዋናው ስሌት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አዲስ የመጣ ቤተሰብ የምታውቁ ከሆነ ምዝገባውን እንዲያፋጥኑ እርዷቸው። ገንዘቡ በሚከፋፈልበት አገር አቀፍ ቀመር ውስጥ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነና ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ትምህርት ለጀመረ ልጅ ተጨማሪ ገንዘብ አለ፤ ስለዚህ ምዝገባ ላይ የቤት ቋንቋችሁን ስትጠየቁ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። "እንግሊዝኛ" ብሎ መሙላት ልጁን የሚያስከብር የሚመስላቸው አሉ። ጥቅም የለውም።

የነጻ ምሳ ማመልከቻም እንደዚሁ ነው። እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሁሉ በነጻ ይበላሉ፣ ለንደን ውስጥ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች በሙሉ። እና ወላጁ "ምሳው ነጻ ከሆነ ለምን ፎርም እሞላለሁ?" ይላል። ምሳውና ገንዘቡ ግን የተለያዩ ናቸው። በገቢያችሁ ምክንያት መብቱ ካላችሁና ካመለከታችሁ፣ ትምህርት ቤቱ በዋናው ቀመር ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጆች የሚሰጠው ፒዩፒል ፕሪሚየም የሚባለውም ለብቻው ይመጣል። ካላመለከታችሁ ትምህርት ቤቱ ያጣዋል። የሚሞላውን ፎርም ቢሮው ይሰጣችኋል፣ አስር ደቂቃም አይፈጅም።

ከቆጠራው በኋላ ያለው ወቅት ነው ወሳኙ። በመጸው ካውንስሉ ገንዘቡን ለየትምህርት ቤቱ ስለሚያከፋፍልበት የሚመጣው ዓመት የአካባቢ ቀመር ትምህርት ቤቶችን ሁሉ ያማክራል፣ ፎረሙም ይወያያል። ዲሴምበር ላይ የመጨረሻው ቁጥር ከመንግሥት ይመጣል። ጃንዋሪ ላይ ካውንስሉ ቀመሩን አጠናቆ ይልካል። እስከ ፌብሯሪ 28 በካውንስሉ ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች በጀታቸውን ማወቅ አለባቸው፣ አዲሱ የበጀት ዓመትም ኤፕሪል ላይ ይጀምራል። የአካዳሚዎቹ የሚጀምረው በሴፕቴምበር ነው። ድምፃችሁ የሚሰማው ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ነው። ኤፕሪል ላይ የሚመጣ ሰው ያለቀ ነገር ላይ ነው የሚደርሰው።

የስብሰባው ወረቀት መቶ ገጽ ሊሆን ይችላል። ሁሉን አታንብቡ። አጀንዳውን ክፈቱና ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ለውሳኔ፣ ለምክክር ወይም ለመረጃ የሚለውን እዩ። ለመረጃ የሚለውን እለፉት። ለምክክር ከሆነ ፎረሙ አስተያየት ይሰጣል፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የካውንስሉ ነው፤ የአካባቢው ቀመር ራሱ እንዲህ ነው። ለውሳኔ የሚለው ላይ ነው ጊዜያችሁን ማጥፋት ያለባችሁ።

ከነዚህ ውስጥ አንዱ ዲ-ዴሌጌሽን ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቶቹ ይደርሳል። ከዚያ ትምህርት ቤቶቹ በተወካዮቻቸው በኩል "ይህን አገልግሎት እያንዳንዳችን ከምንገዛ ካውንስሉ ለሁላችን ይሥራው" ብለው ከየበጀታቸው ይመልሱለታል። ልክ እንደ እቁብ ሳይሆን እንደ እድር አስቡት፤ ሁሉም ያዋጣል፣ የሚጠቀመው የደረሰበት ነው። በዚህ መንገድ ከሚካሄዱት አገልግሎቶች መካከል የጠባይ ችግር ላለባቸው ልጆች የሚደረግ እገዛ፣ የነጻ ምሳ ማጣራት፣ የአናሳ ብሔረሰብ ተማሪዎች ድጋፍ፣ ድንገተኛ ችግር ለገጠመው ትምህርት ቤት የሚሆን መጠባበቂያ ይገኙበታል። ድምፅ የሚሰጡት በካውንስሉ ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች ተወካዮች ብቻ ናቸው፣ የመጀመሪያ ደረጃውና የሁለተኛ ደረጃው ለየብቻ። በየዓመቱ እንደገና ይወሰናል። አንዴ ከጸደቀ ያልተስማማው ትምህርት ቤትም ይከፍላል፣ ውድቅ ከሆነ ደግሞ አገልግሎቱ ሊዘጋ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ተማሪ ስንት ፓውንድ እንደሆነ ይጻፋል። እንበል 12 ፓውንድ ነው። 400 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት 4,800 ፓውንድ ማለት ነው። ለርዕሰ መምህሯ ይህ የአንድ ረዳት የጥቂት ወራት ደመወዝ ነውና ብታመነታ አይፈረድባትም። ስለዚህ ልትጠየቅ የሚገባት ጥያቄ "ለምን አትደግፉትም?" ሳይሆን "ባለፈው ዓመት ከዚህ አገልግሎት ስንት ልጆቻችን ተጠቀሙ? እኛው ብንገዛው ስንት ያስወጣናል?" የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቅ ጋቨርነር ሲኖር ተወካዩ ስብሰባው ላይ ባዶ እጁን አይቀርብም።

ሌላው ለውሳኔ የሚመጣው ከትምህርት ቤቶች ቋት ወደ ሌላ፣ በተለይ ወደ ሃይ ኒድስ፣ የሚደረግ ዝውውር ነው። በፎረሙ ፈቃድ እስከ 0.5 በመቶ ማዛወር ይቻላል። ትንሽ ትመስላለች። ቋቱ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ቢሆን ግን 1 ሚሊዮን ነው። ፎረሙ እምቢ ቢል ወይም ካውንስሉ ከዚያ በላይ ቢፈልግ ለትምህርት ሚኒስትሩ አቤት ማለት ይችላል። ርዕሰ መምህራን ብዙ ጊዜ ይቃወማሉ፣ ምክንያታቸውም ይገባኛል። እኔ ግን እዚህ ላይ ወላጆች እንዳይቸኩሉ እለምናለሁ። በዚያ ቋት የሚኖሩት ኦቲዝም ያለባቸው፣ የመናገር ችግር ያለባቸው፣ ኢ ኤች ሲ ፒ የሚባለውን የድጋፍ ዕቅድ የያዙ ልጆች ናቸው፤ ከመሀላቸውም እናቶቻቸው ችግሩን ለሰው ለመንገር የሚያፍሩባቸው የኛ ልጆች አሉ። ብዙ ካውንስሎች በዚህ ቋት ከፍተኛ ጉድለት አለባቸው። ጉድለቱ ከዋናው ሂሳባቸው ተለይቶ እንዲያዝ የሚፈቅደው ጊዜያዊ ሕግም እስከ ማርች 2028 ተራዝሟል። ስለዚህ አዎ ወይም አይ ከማለታችሁ በፊት ገንዘቡ ምን እንደሚሠራበት ጠይቁ። አዲስ የድጋፍ ክፍል ይከፈትበታል ወይስ የድሮ ጉድለት ይሸፈንበታል? መልሱ የተለያየ ሆኖ ሳለ ውሳኔው አንድ ሊሆን አይችልም።

ከዚሁ ጋር የምትያያዝ አንዲት ቁጥር አለች፣ 6,000 ፓውንድ። ለአንድ ልጅ ከሚያስፈልገው ተጨማሪ ድጋፍ የመጀመሪያውን 6,000 ትምህርት ቤቱ ከራሱ በጀት እንዲሸፍን ይጠበቃል፣ ከዚያ በላይ ያለው ነው ከሃይ ኒድስ የሚመጣው። ትምህርት ቤቱ "ካውንስሉ ገንዘብ እስኪልክ ምንም ማድረግ አንችልም" ካላችሁ ይህችን ቁጥር በትህትና አንሱላቸው።

መናገር ብትፈልጉስ? ስብሰባው ላይ መቀመጥ መብታችሁ ነው፣ መናገር ግን በሰብሳቢው ፈቃድ ነው። ለፎረሙ ጸሐፊ ቀደም ብላችሁ ኢሜይል ላኩ። በኔ ተሞክሮ የተሻለው መንገድ ግን የትምህርት ቤታችሁን ደረጃ የሚወክለውን ርዕሰ መምህር ወይም ጋቨርነር አግኝቶ አንድ ገጽ መስጠት ነው። ስሞቻቸው የአባላት ዝርዝር ውስጥ አሉ። ርዕሰ መምህር መጠየቅ እንደ ድፍረት ተቆጥሮብን ያደግን ነን፣ አውቃለሁ። እዚህ ግን ተወካዩ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ገጹ ላይ ምሬት አታብዙ። "ገንዘብ አነሰ" የሚለውን ሁሉም ይላል። ይልቅ "አገልግሎቱ ሲቆም በሳምንት ሦስት ሰዓት ያገኙ የነበሩ አምስት ልጆች ምንም አያገኙም" በሉ። ይህ ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ።

ልጃችሁ አካዳሚ የሚማር ከሆነ መንገዱ ትንሽ ይለያል። በጀቱ የሚሰላው በዚያው የአካባቢ ቀመር ነው፣ ግን የሚከፈለው በቀጥታ ከትምህርት ሚኒስቴር ነው፣ ዲ-ዴሌጌሽንም አይመለከተውም። በትረስት (አካዳሚዎችን በሚያስተዳድር ድርጅት) ሥር ከሆነ ትረስቱ ለማዕከላዊ ሥራው ከየትምህርት ቤቱ ይቆርጣል። ስንት እንደሚቆርጥና ለምን አገልግሎት እንደሚያውል ትረስቱን ጠይቁ። የአካዳሚ ተወካዮች ፎረሙ ላይም ስላሉ እነሱንም አትርሷቸው።

ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ቃለ ጉባኤው ሲወጣ አውርዳችሁ አስቀምጡት። አገልግሎቱ "እንገመግመዋለን" ተብሎ ከጸደቀ ግምገማው መቼ እንደሆነ ቀኑን መዝግቡ፣ በሚቀጥለው መጸው ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ "ግምገማው የት ደረሰ?" ትላላችሁ። የአባላት ዝርዝሩን ስታዩ ደግሞ ክፍት የሆነ የጋቨርነር ቦታ ካለ ልብ በሉ። ጋቨርነር የሆነ ሰው ካላችሁ እሱን ወይም እሷን ለዚያ ቦታ እንዲወዳደሩ ገፋፏቸው፣ ከሌላችሁም በትምህርት ቤታችሁ የወላጅ ጋቨርነር ምርጫ መቼ እንደሆነ ነገ ጠዋት ልጃችሁን ስታደርሱ ቢሮውን ጠይቁ።