ደሴ ላይ በድመቷ ምግብ የተነሳው ክርክር እንዴት ተፈታ

ድመቷ «ከጠገበች አይጥ አትይዝም»፣ ስለዚህ ምግብ አይሰጣት የሚለውን የአክስቴን አቋም ያስቀየረው የአይጥ መርዝ ነው። ድመት ጠግባም ታድናለች፤ የራባት ግን መርዝ የበላ አይጥ ካገኘች አትምርም፣ መርዙም ይተላለፍባታል። ከሱቅ የሚገዛውን የአይጥ መርዝ እሳቸውም ስለሚያውቁት ወዲያው ተስማሙ።

የወጥ ትራፊ ለድመቷ እንዳይሰጥ ማሳመኑ ግን ከበደ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በስሎም ቢሆን የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ድዷ ይገረጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል። ከወጡ ሥጋ አውጥቶ ማጠብ አይረዳም፣ ቁሌቱ ዘልቆታል። ስለዚህ ሥጋው ሲመተር፣ ቁሌቱ ውስጥ ሳይገባ የሷ ድርሻ ይነሳና ያለ ጨውና በርበሬ በውሃ ብቻ ይቀቀላል። ለ4 ኪሎ ድመት በቀን 150 ግራም ገደማ፣ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ። ጉበት በሳምንት አንዴ፣ ትንሽ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ስለሚሰነጠር በፍጹም አይሰጥም።

ወተት ብዙ አዋቂ ድመቶችን ያስቀምጣል፤ ንጹህ ውሃ ይበቃል።

አክስቴ በጾም «ሥጋ ቤቴ አይገባም» ማለታቸው መከበር አለበት። ያኔ የሐይቅ ዓሣ ተቀቅሎ፣ እሾሁ በጣት እየተዳሰሰ አንድ በአንድ ተለቅሞ ይሰጣታል።