በጎንደር የንግድ ዶሮ እርባታን ለሚጀምሩ፦ ጫጩት ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

ወደ ዶሮ እርባታ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የዶሮ ቤት ከመሥራት ነው። ብሎኬት ያስደረድራል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ከዚያ ጫጩት ያፈላልጋል፤ መኖው የሚታሰበው ጫጩቱ ከገባ በኋላ፣ ገበያው ደግሞ የመጀመሪያው እንቁላል ከተለቀመ በኋላ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የዚህ ግልባጭ ነው። በቅድሚያ እንቁላሉን መቼና ለማን እንደሚሸጡ ይወሰናል፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ መኖው፣ ጫጩቱና ቤቱ ይታቀዳሉ። ይህን ለማድረግ ግን አርቢው ዶሮ ወደ እጁ እስኪደርስ በማን በማን በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ ይኖርበታል።

ዘርፉ እንዴት እንደተዋቀረ

ለንግድ የሚረባው እንቁላል ጣይ ዶሮ የአራት ትውልድ ሥራ ውጤት ነው። ከላይ ንጹሕ የዘር መስመሮች አሉ፤ ከእነርሱ የአያት ዶሮዎች፣ ከአያቶቹ የወላጅ ዶሮዎች፣ ከወላጆቹ ደግሞ ገበሬው የሚገዛው ጫጩት ይገኛል። ንጹሕ መስመሮቹን የያዙት ኩባንያዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከዝርያዎቹ ሎህማን፣ ሃይላይንና የሥጋ ዶሮው ሮስ የጀርመኑ ኢደብሊው ግሩፕ ሲሆኑ፣ ቦቫንስ፣ አይሳና ሳሶ በኔዘርላንዱ ሄንድሪክስ ጄኔቲክስ ሥር ይገኛሉ፤ ኮብ ደግሞ የአሜሪካው ታይሰን ነው። አርቢው ከዚህ የሚወስደው ተግባራዊ ትምህርት አንድ ነው፦ ከቦቫንስ ወይም ከሎህማን ዶሮ እንቁላል አስፈልፍሎ መንጋ መተካት አይቻልም። በድቅልነት የመጣው ምርታማነት በቀጣዩ ትውልድ ስለሚበታተን ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ጫጩት መግዛት የግድ ነው።

በአገራችን የወላጅ ዶሮ እርባታዎችና ማስፈልፈያዎች በብዛት የሚገኙት በቢሾፍቱና በዙሪያዋ ነው። ለጎንደር ቅርብ የሆነው የአንዳሳ የዶሮ ማዕከል ከባሕር ዳር አጠገብ ይገኛል። ከማስፈልፈያው ቀጥሎ የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብለው፣ አሙቀውና አስከትበው እስከ 45 ቀን ድረስ አሳድገው የሚሸጡ አሳዳጊዎች አሉ፤ ከዚያ እንቁላልና ሥጋ አምራቾች፣ አከፋፋዮችና ሱቆች ይከተላሉ። መኖ አቀናባሪዎችና ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ለሁሉም ግብዓት ያቀርባሉ።

በአሜሪካ ይህ ሁሉ ደረጃ በአንድ እጅ የመጠቃለል ታሪክ አለው። በ1930ዎቹ በጆርጂያ ግዛት የጌይንስቪል ከተማ የመኖ ነጋዴ የነበረው ጄሲ ጄዌል ለገበሬዎች ጫጩትና መኖ በዱቤ ሰጥቶ የደረሰውን ዶሮ መልሶ ይገዛ ጀመር፤ ኋላም ማስፈልፈያውን፣ መኖ ማቀነባበሪያውንና ማረጃውን አንድ ላይ አደረገ። እኛ ዘንድ አነስተኛው አርቢ እንዲህ ያለ ውል ስለሌለው የመኖ መወደድም፣ የጫጩት መዘግየትም፣ የገበያ መቀዝቀዝም በእርሱ ትከሻ ላይ ያርፋል። ዕቅዱ ጠበቅ ማለት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ለጀማሪ የሚስማማው የትኛው ነው

በፍጥነት የሚያድጉትን የሥጋ ዶሮዎች ለጎንደር ጀማሪ አልመክርም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ኦክስጅን ሳሳ ያለ ነው፤ በስድስት ሳምንት ሁለት ኪሎ እንዲደርስ የተመረጠ ዶሮ ደግሞ ልቡና ሳንባው ከሥጋው እድገት ጋር እኩል መሄድ ያቅታቸዋል። በዚህም ሆዱ ውስጥ ውኃ ይቋጠርና ለሽያጭ ሲቃረብ ይሞታል፤ ቅዝቃዜ ችግሩን ያብሰዋል። ሳሶን የመሰሉ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዶሮዎች ይህን የተሻለ ይቋቋማሉ። መብራትና ሙቀት በቅርብ ሆኖ መቆጣጠር የሚችል ሰው የ45 ቀን ጫጩት አሳዳጊ ቢሆን ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል። ለአብዛኛው ሰው ግን እንቁላል ጣይ ዶሮ ይሻላል፤ የቀሪው ጽሑፍ ስሌትም በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከጾም አቆጣጠር ወደ ኋላ መቁጠር

በጎንደር የእንቁላል ገበያን የሚወስነው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም፣ በየቀኑ ትበላለች፣ በየቀኑም ትጥላለች። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በመሆኑ የዓመቱ ምርጥ የእንቁላል ገበያ ነው። ስለዚህ መንጋው ምርቱ ከፍ በሚልበት ዕድሜ ላይ ፋሲካን እንዲያገኝ ጫጩቱ ከፋሲካ 22 ሳምንት በፊት መግባት አለበት። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ስለሚዘዋወር ስሌቱ በየዓመቱ መሠራት ይኖርበታል። ለአብነት በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ጫጩቱ ኅዳር 20 አካባቢ መግባት ይኖርበታል። እንዲህ ከሆነ ጾሙ የሚያልፈው በአብዛኛው ገና ባልጣሉ ቄቦች ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ፋሲካ መንጋው ከ72 እስከ 77 ሳምንት ይሆነዋል፤ ይህ ደግሞ ምርቱ ቀንሶ ዶሮዋ ለወጥ የምትሸጥበት ዕድሜ ነው።

በጾም ወቅት የሚገዙ ደንበኞችም አሉ። የሙስሊም ቤተሰቦች፣ ሆቴሎችና ለልጆቻቸው እንቁላል የሚገዙ ወላጆች ፍላጎታቸው አይቋረጥም፤ ከእነዚህ ጋር ውል መያዝ ያለበት ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው።

መኖና ገንዘብ

ከጠቅላላው ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶው መኖ ነው። አንዲት ቄብ መጣል እስክትጀምር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ትበላለች፤ ስለዚህ 500 ዶሮ የመጀመሪያውን እንቁላል ከማየቱ በፊት ከ35 እስከ 40 ኩንታል ይፈጃል። ይህን የሚሸፍን ገንዘብ በእጅ ሳይኖር ጫጩት ማዘዝ መንጋውን በመሀል መሸጥን ያስከትላል። መጣል ከጀመሩ በኋላ እያንዳንዷ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች፤ 500ዎቹ 57 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ከመቶ ሰማንያዎቹ ቢጥሉ 400 እንቁላል ይገኛል፤ አንድ ኪሎ መኖ ሰባት እንቁላል ያህል ሰጠ ማለት ነው። ከዚህ ቀላል መለኪያ ይወጣል፦ የሰባት እንቁላል መሸጫ ዋጋ ከአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ አንድ ጊዜ ተኩል ካልበለጠ ሥራው አያዋጣም። ይህን ስሌት በየሳምንቱ እንዲሠሩት አጥብቄ እመክራለሁ።

መኖን ራስ ማቀናበር ጎንደር ላይ የሚቻል ነው። ከደንቢያ በቆሎ፣ ከዘይት መጭመቂያዎች የኑግ ፋጉሎ፣ ከዱቄት ፋብሪካ ፉርሽካ ይገኛል። የኑግ ፋጉሎ ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚጎድለው ከአኩሪ አተር ጋር መዋሃድ ይኖርበታል፤ አኩሪ አተሩም ሳይቆላ አይሰጥም። የጣይ ዶሮ መኖ ከመቶ ኪሎው ከ8 እስከ 9 ኪሎው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ይህ ለቅርፊት የሚያስፈልግ ሲሆን ገና ላልደረሱ ቄቦች ከተሰጠ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። የሻገተ በቆሎ ወይም ፋጉሎ በዋጋ ቢረክስም መግዛት አይገባም። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የገብስ አተላ ደግሞ አሰሩ ብዙ ስለሆነ የከብት እንጂ ዋና የዶሮ መኖ ሊሆን አይችልም። መንገድ የሚቋረጥበት ጊዜ ስለሚኖር ቢያንስ የአንድ ወር መኖ በመጋዘን መኖር አለበት።

ቤቱና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ለ500 ጣይ ዶሮ ከ85 እስከ 100 ካሬ ሜትር ወለል ያስፈልጋል። ቤቱ በቁመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ ግድግዳው እስከ ጉልበት ድፍን፣ ከዚያ በላይ የሽቦ ወንፊት ሆኖ ማታ የሚወርድ ሸራ ይደረግለታል። የከተማዋ የውኃ እጥረት የታወቀ ስለሆነ ለብዙ ቀን የሚበቃ ሮቶ ከቤቱ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል፤ ዶሮ ከሚበላው እጥፍ ያህል ይጠጣል።

ከላይ የተሰጠው የጊዜ ስሌት ጫጩቶቹን በዓመቱ ቀዝቃዛ ወራት ያስገባቸዋልና ማሞቂያው ላይ መቆጠብ አይቻልም። ቤቱ ጫጩት ከመምጣቱ ከአንድ ቀን በፊት መሞቅ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቱ ቁመት ልክ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሆኖ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ግን የጫጩቶቹ አቀማመጥ ይናገራል። ከማሞቂያው ሥር ተደራርበው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ወደ ዳር ከሸሹ ሞቋቸዋል፤ በአንድ ጥግ ብቻ ከተሰበሰቡ በሌላው በኩል ንፋስ ይገባል። በደህናው ጊዜ በማሞቂያው ዙሪያ በተከለለላቸው ክብ ውስጥ እኩል ተበትነው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይተኛሉ። በገቡ በማግስቱ ከየቦታው ጥቂቶችን አንስቶ አንገታቸው ሥር ያለችውን የምግብ ከረጢት በሁለት ጣት መዳሰስ ይገባል፤ ሙሉና ልስልስ ከሆነች መኖና ውኃ አግኝቷል፣ ጠንካራ ከሆነች ውኃ አልጠጣም፣ ባዶ ከሆነች ጫጩቱ መመገቢያውን አላገኘውም። ለመብራት መቋረጥ ከሰል የሚጠቀሙ ከሆነ ከውጭ ፍም እስኪሆን ይቆይ፤ በቤቱ ከፍታ ላይም አየር መውጫ ይተው፣ የከሰል ጭስ ጫጩትንም ሰውንም ይገድላልና።

ቄቦቹ ሲደርሱ የብርሃን ነገር ይመጣል። ጣይ ዶሮ በቀን 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ በጎንደር በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን 11 ሰዓት ተኩል ያህል፣ በሰኔም 13 ሰዓት የማይሞላ በመሆኑ ቀሪው በአምፖል ይሟላል። ሳይደርሱ ብርሃን መጨመር ግን ያለ ዕድሜያቸው እንዲጥሉ ያደርጋል።

ጤና

የማሬክ (ዶሮን ሽባ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ) ክትባት በማስፈልፈያው በመጀመሪያው ቀን መሰጠቱን ጫጩት ሲረከቡ ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ በተለመደው አሠራር በ7ኛው ቀን የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ፣ በ14ኛው የጉምቦሮ (የጫጩትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም የቫይረስ በሽታ)፣ በ21ኛው ሁለተኛው ፈንግል፣ በ28ኛው ሁለተኛው ጉምቦሮ ይሰጣል፤ በኋላም የፈንጣጣና ተጨማሪ የፈንግል ክትባቶች ይከተላሉ። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ካልተጓዘ ቢሰጥም ዋጋ የለውም። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ውኃው በረኪና ወይም ክሎሪን የሌለበት ይሁን፤ ዶሮዎቹ አስቀድመው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ውኃ ተከልክለው ሁሉም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠጡት።

በክረምት ዋናው ጠላት እርጥብ ጉዝጓዝ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት በሽታ ነው። ሰጋቱራውን ወይም ጭዱን በእፍኝ ጨብጦ መልቀቅ ነው፤ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነውና መቀየር አለበት። ከገበያ የተመለሰ የሀበሻ ዶሮ ወደ ግቢው መግባት የለበትም፤ ጎረቤት አርቢም ቢሆን ጫማ ሳይቀይር አይግባ። ድንገተኛ ሞት ሲያጋጥም መድኃኒት ከመግዛት በፊት የሞተውን ዶሮ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይቀድማል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው።

ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው

የጫጩት ማሳደጊያውና ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ቤት ከተለያዩ እርባታው በየዓመቱ ሳይቋረጥ ይሄዳል። አሮጌዎቹ ዶሮዎች ለፋሲካ ይሸጣሉ፣ ጉዝጓዙ ለጓሮ አትክልት አምራቾች ይሸጣል፣ ቤቱ ታጥቦ በኖራ ተቀብቶ ሁለት ሳምንት ባዶውን ይቆያል። ቤቱ እስከ ፋሲካ በአሮጌዎቹ ስለሚያዝ የሁለተኛው ዙር ጫጩት እንደ መጀመሪያው ከፋሲካ 22 ሳምንት በፊት ሳይሆን፣ ሁለቱ የባዶ ሳምንታት ሲያበቁ ቄቦቹ 18 ሳምንት እንዲሆናቸው 16 ሳምንት በፊት መግባት ይኖርበታል፤ ትእዛዙም ለማስፈልፈያው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ቢሰጥ ይመረጣል።