ከድሬዳዋ ቤት ወደ ርካሽ ቪፒኤስ፦ ፍጥነቱ የት ላይ ነው የሚጠፋው?

የቤቱ ፓኬጅ 25 ሜጋ ቢት ነው። ስልክ ላይ ያለው የፍጥነት መለኪያ 24 ያሳያል። ፍራንክፈርት ካለውና በወር 4 ዶላር ከሚከፈልበት ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ፋይል ሲወርድ ግን በሰከንድ 300 ኪሎ ባይት ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፓኬጁን ከፍ ማድረግ ነው፤ ካልሆነ ሰርቨሩን መቀየር። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ብር ይበላሉ እንጂ ችግሩን አይነኩትም። መለኪያው የሚለካው ቅርብ ካለ ሰርቨር ጋር ብዙ ግንኙነት በአንዴ ከፍቶ ነው። የእናንተ ፋይል የሚመጣው በአንድ ግንኙነት፣ ባሕር ተሻግሮ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፣ የለኩት መንገድ ነው የተለያየው።

የአሃዱን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፣ ዳውንሎድ የሚታየው በሜጋ ባይት ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 25 ሜጋ ቢት ሲበዛ 3.1 ሜጋ ባይት ነው። 2.8 እያያችሁ ከሆነ መስመራችሁ ደህና ነው፣ ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

መንገዱን ቆራርጦ መለካት

ከላፕቶፕ እስከ ራውተር፣ ከራውተር እስከ ሰርቨሩ ደጃፍ፣ ከዚያ ሰርቨሩ ራሱ። ሦስቱን ለየብቻ ሳትለኩ ምንም ነገር አትቀይሩ። ሰርቨሩ ላይ አይፐርፍ3 የተባለውን የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ጫኑና በሰረዝ ኤስ አስነሱት፤ 5201 ቁጥር ፖርት በፋየርዎሉ መከፈት አለበት። ቤት ካለው ላፕቶፕ በሰረዝ ሲ የሰርቨሩን አድራሻ ስጡት፣ መጨረሻው ላይ ሰረዝ ካፒታል አር ጨምሩ። ያለ አር የሚለካው አፕሎድን ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ የአፕሎዱን ቁጥር ይዞ ዳውንሎድ ቀነሰብኝ ይላል። ያንኑ ትዕዛዝ ሰረዝ ካፒታል ፒ 8 አክላችሁ ድገሙት፣ ስምንት ግንኙነት በአንድ ጊዜ ይከፍታል።

አንዱ ብቻውን 2.4 ሜጋ ቢት ሰጥቶ ስምንቱ ተደምረው ወደ 19 ከደረሱ መስመሩ ሰፊ ነው፣ ችግሩ ያለው እያንዳንዱ ግንኙነት ላይ ነው። ስምንቱም ተደምረው ከ3 ካላለፉ ግን ወይ የቤቱ መስመር ነው ወይ ሰርቨሩ።

ልኬቱን ከሌሊቱ 11 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ድገሙት። የሰርቨሩ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ስለሚሄድ የእኛ ምሽት 3 ሰዓት እዚያ 18:00 ሆኖ ይመዘገባል። ይህን ካልጻፋችሁ በኋላ ከሰርቨሩ መዝገብ ጋር ማመሳከር አትችሉም።

ወደ ራውተሩ ራሱ ፒንግ ሲደረግ ቁጥሩ ይዘላል

ፒንግ ትንሽ የዳታ ቁራጭ (ፓኬት) ልኮ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትዕዛዝ ነው። ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ አድራሻ 100 ጊዜ ፒንግ አድርጉ። በኬብል ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች፣ በደህና ዋይፋይ ከ2 እስከ 5 ነው መሆን ያለበት። 3፣ 4፣ 180፣ 6፣ 240 እያለ የሚዘል ከሆነ ፍራንክፈርት ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያሉት የድሮ ቤቶችም ግንብ አላቸው። 5 ጊጋ ኸርዝ እንዲህ ያለውን ግድግዳ አንዱንም በችግር ነው የሚያልፈው። 2.4 ጊጋ ኸርዝ ያልፋል፣ ግን የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ እዚያው ላይ ተጨናንቋል። ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን ምረጡ፣ ስፋቱንም 20 ሜጋ ኸርዝ አድርጉት። የሲግናሉ ጥንካሬ ከኔጌቲቭ 65 ዲቢኤም እስከ ኔጌቲቭ 75 ሲወርድ ፍጥነቱ አብሮ ይወርዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በግድግዳው ጥግ የሚሳብ 15 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ነው። ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሰው በዋይፋይ መለካት የለበትም።

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱንም መርሳት አይቻልም። የቤት ራውተሮች አብዛኞቹ እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ራውተር ከዚያ በላይ ይግላል። ምልክቱ ጠዋት ደህና ሆኖ ከ7 ሰዓት በኋላ መንቀርፈፍ ወይም በራሱ ጠፍቶ መነሳት ነው። ዳንቴሉን አንሱለት፣ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በጎኑ አቁሙት፣ የአየር ቀዳዳዎቹንም ከአቧራ አጽዱ። ቬንትሌተሩ የሚደርስበት ቦታ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ፋይበር ከሆነ ቢጫውን ቀጭን ገመድ ከሳጥኑ ጀምራችሁ በእጃችሁ ተከተሉት። ከመጅሊሱ ፍራሽ ሥር ገብቶ ሰው የሚቀመጥበት፣ ወይም በበር መቃን ጥግ ላይ በሹል የታጠፈ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። ብርሃን እንዲህ ያለ እጥፋት ላይ ይፈሳል። የቡና ስኒ አፍ በሚያህል ክብ ዘና ብሎ እንዲዞር አድርጉት። በራውተሩ ገጽ ላይ የሚገባው የብርሃን ኃይል ከኔጌቲቭ 8 እስከ ኔጌቲቭ 27 ዲቢኤም መካከል መሆን አለበት፤ ኔጌቲቭ 26 እና 27 ላይ ከደረሰ ጠርዝ ላይ ነው፣ መስመር ሠሪ ጥሩ። የገመዱን ጫፍ በጣት አትንኩት፣ ወደ ውስጡም አትመልከቱ።

ፒንጉ የተረጋጋ ነው፣ ግን አንድ ፋይል ቀስ ብሎ ይወርዳል

ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከድሬዳዋ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢሄድ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ ደርሶ መልሱ በምንም ተአምር ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች አይሆንም። ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ባሕር ይዞራል፣ ራውተሮች ላይ ይቆማል። 180 ብታዩ አይግረማችሁ። ጅቡቲ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ቅርበቷ ብቻውን አያፈጥነውም።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። አንድ ግንኙነት፣ “ደረሰኝ” የሚለው መልስ እስኪመለስ ድረስ መላክ የሚችለው በመስኮቱ (መልስ ሳይጠብቅ በሚልከው የዳታ መጠን) ልክ ብቻ ነው። መስኮቱ 64 ኪሎ ባይት ቢሆንና ደርሶ መልሱ 180 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ 65,536 ባይት በ8 ተባዝቶ ለ0.18 ሲካፈል 2.9 ሜጋ ቢት ይወጣል። ፓኬጁን 100 ብታደርጉት 2.9 ነው፤ 500 ብታደርጉትም 2.9 ነው። 25ቱን ለመሙላት 560 ኪሎ ባይት ያህል መስኮት ያስፈልጋል።

ዛሬ ያሉ ሲስተሞች መስኮቱን በራሳቸው ያሳድጋሉ። ዊንዶውስ ላይ ግን “ኢንተርኔት ያፈጥናል” የተባለ ፕሮግራም ይህን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ትዕዛዝ በሚጻፍበት ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ኔትሽ ኢንተርፌስ ቲሲፒ ሾው ግሎባል ብላችሁ ኦቶ ቲዩኒንግ የሚለውን መስመር እዩ። ዲስኤብልድ ካለ ወደ ኖርማል መልሱት። ብዙ ሰው ለወራት የተቸገረበት ነገር በዚህች አንዲት ለውጥ ይፈታል።

መስኮቱ ደህና ሆኖም ፓኬት እየጠፋ ሊሆን ይችላል። የተለመደው የቲሲፒ (ፋይሉ የሚላክበት የግንኙነት ደንብ) አሠራር አንድ ፓኬት በጠፋ ቁጥር መስመሩ ተጨናንቋል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ180 ሚሊ ሰከንድ ርቀት ላይ ከ1,000 ፓኬት አንድ ቢጠፋ ሬኖ የተባለው የቀደመው የቲሲፒ ዘዴ ስሌት የሚሰጠው 2.5 ሜጋ ቢት ነው፤ ከ100 አንድ ከጠፋ 0.8። መጀመሪያ ያየነው 300 ኪሎ ባይት ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ይገጥማል። ኪዩቢክ የተባለው ሌላው የቲሲፒ ዘዴ ትንሽ ይሻላል፣ ግን ከዚህ ብዙ አያመልጥም።

መፍትሄው ሰርቨሩ ላይ ነው። ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቢቢአር የሚባለው ዘዴ ፓኬት በጠፋ ቁጥር አይደነግጥም፤ የመስመሩን ስፋትና ደርሶ መልሱን ለክቶ ነው ፍጥነቱን የሚወስነው። ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 4.9 እና ከዚያ በላይ ውስጥ አለ። የከርነሉ ቅንብር በሚጻፍበት በሲስኮንትሮል ፋይሉ ውስጥ የዲፎልት ኪውዲስኩን ዋጋ ኤፍኪው፣ የኮንጀስሽን ኮንትሮሉን ዋጋ ቢቢአር አድርጋችሁ በሰረዝ ትንሹ ፒ ጫኑት። ሰርቨሩ ኦፕንቪዜድ ወይም ኮንቴይነር የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከርነሉ የእናንተ ስላልሆነ አይቀበላችሁ ይሆናል፤ ስትገዙ የራሱ ከርነል ያለውን፣ ኬቪኤም የሚለውን ፈልጉ። አንድ ነገር አስተውሉ፦ ዘዴው የሚሠራው በላኪው በኩል ነው። ሰርቨሩ ላይ ያደረጋችሁት ዳውንሎዱን ያፈጥናል፣ ከቤት የምትልኩትን አይነካውም።

ትንንሽ ፋይሎች ሲበዙ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። 2,000 ፎቶ በኤስኤፍቲፒ (በፋይል መላኪያው) አንድ በአንድ ሲላክ ለእያንዳንዱ ሦስት ደርሶ መልስ ብቻ ብናስብ 18 ደቂቃ በመጠበቅ ብቻ ያልቃል፣ አንድ ባይት ሳይቆጠር። በታር ጠቅልላችሁ አንድ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት።

የሚጠፋው ፓኬት የት ነው የሚጠፋው?

ኤምቲአር የተባለውን፣ በመንገዱ ባለው በእያንዳንዱ ራውተር የሚጠፋውን ፓኬት የሚያሳይ ፕሮግራም ከቤት ወደ ሰርቨሩ፣ ከዚያ ከሰርቨሩ ወደ ቤት፣ 100 ፓኬት አስኪዱ። ሁለቱንም አቅጣጫ፤ መሄጃውና መምጫው በተለያየ መንገድ ሊሆን ይችላልና። መሃል ላይ አንዱ ራውተር 60 በመቶ ጠፋ ብሎ ከእሱ በኋላ ያሉት ዜሮ ከሆኑ ምንም አይደለም፤ ያ ራውተር ለፒንግ መልስ ለመስጠት አይቸኩልም፣ የእናንተን ፋይል ግን ያሳልፋል። መጥፋቱ ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መስመር ከቀጠለ ግን እዚያ ነው።

ችግሩ ከሀገር ከወጣ በኋላ ከሆነ የባሕር ገመድ ሊሆን ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ሲበጠሱ ትራፊኩ ወደ ሌላ መስመር ዞሮ ተጨናንቆ ነበር። እንዲህ ሲሆን ከቤት የሚደረግ ጥገና የለም። ማድረግ የሚቻለው በሌላ ኦፕሬተር ሲም ስልክ ላይ ሆትስፖት ከፍቶ ያንኑ ልኬት መድገም ነው። ድሬዳዋ ላይ ከነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳፋሪኮምም ስላለ ሁለት የተለያየ መውጫ ማነጻጸር ይቻላል። አንዱ 160፣ ሌላው 240 ሚሊ ሰከንድ ከሰጠ ልዩነቱ መንገዱ ላይ ነው። ሰርቨር ስትገዙም እንደዚሁ፦ ካርታ ላይ ቅርብ የሆነ ከተማ በመስመር ሩቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ሻጮቹ የሚያወጡትን የሙከራ አድራሻ ከቤታችሁ ፒንግ አድርጋችሁ ምረጡ።

ይገባል፣ ከዚያ ደርቆ ይቀራል

ኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ ማዘዣው) ያስገባል፣ አጭር ትዕዛዝ ይመልሳል፣ ረጅም ዝርዝር ስትጠይቁት ግን ድርቅ ይላል። ይህ የኤምቲዩ (አንድ ፓኬት ሊኖረው የሚችለው ትልቁ መጠን) ችግር ምልክት ነው። ትልቁ ፓኬት መንገድ ላይ አያልፍም፣ “ትልቅ ነህ” የሚለው መልእክትም ተዘግቶ አይመለስም። እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገውን ምርጫ አብርታችሁ 1472 ባይት ፒንግ ላኩ፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር 1500 ይሆናል። ካላለፈ 1464 ሞክሩ፤ እሱ ካለፈ መስመሩ ፒፒፒኦኢ የሚባለው የግንኙነት ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፣ ኤምቲዩው 1492 ነው። በዋየርጋርድ ቪፒኤን ከሆነ 1420 የሚለው የተለመደ ቁጥር እንዲህ ባለው መስመር ላይ ሊያስቸግር ስለሚችል ወደ 1412 አውርዱት።

አንድ ሰው ቪዲዮ ሲልክ ሁሉም ይቆማል

ፒንጉ ባዶ መስመር ላይ 180 ሆኖ፣ ስልኩ ፎቶ ወደ ክላውድ ሲልክ 900 ከደረሰ፣ ራውተሩ ፓኬቱን ያለ ልክ እያከማቸ ነው። ራውተሩ ኤስኪውኤም (የፓኬቱን ወረፋ የሚቆጣጠር ምርጫ) ካለው ዳውንሎድና አፕሎዱን ከለካችሁት ፍጥነት 85 በመቶ ላይ ገድቡት። ከሌለው የስልኮቹን የፎቶ መላኪያ ወደ ሌሊት አዘዋውሩት።

ሰርቨሩ ራሱ

ሰርቨሩ ላይ ቶፕ የተባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ ኤስቲ የሚለውን ቁጥር እዩ። ከጎናችሁ ያሉ ተከራዮች የወሰዱባችሁ የፕሮሰሰር ጊዜ ነው። ለሰዓታት ከ10 በመቶ በላይ ከቆመ ወደ ሌላ ማሽን አዛውሩኝ ብላችሁ ጠይቁ። 512 ሜጋ ባይት ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ስዋፕ ውስጥ ከገባ (ሜሞሪው ሞልቶ ዲስኩን እንደ ሜሞሪ ከተጠቀመ) ዲስኩን እየጠበቀ ነው እንጂ መስመሩ አልተበላሸም። የወሩ የትራፊክ ኮታ ካለቀም ሻጩ ፍጥነቱን ሊያወርድ ይችላል፤ ወሩ ሲገባ ደህና ሆኖ መጨረሻው ላይ የሚዘገይ ከሆነ መጀመሪያ የሻጩን ገጽ ተመልከቱ።

ለሻጩም ሆነ ለኢንተርኔት አቅራቢው ስትጽፉ “ቀርፋፋ ነው” ብቻ አትበሉ። የሁለቱን አቅጣጫ ኤምቲአር፣ የአንድና የስምንት ግንኙነት አይፐርፍ3 ውጤት፣ በኬብል መለካቱን፣ ሰዓቱን በዩቲሲ፣ የቤቱንና የሰርቨሩን አድራሻ አያይዙ። ያን ጊዜ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት የሚለውን መልስ ዘሎ ወደሚመለከተው ባለሙያ ይደርሳል።