የአከርካሪ አጥንት ሲደፈጠጥ፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማለፍና ቀጣዩን ስብራት መከላከል

አጥንቱ የሳሳ ሰው አከርካሪው እንዲሰበር የግድ መውደቅ የለበትም። ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሳት፣ አልከፈት ያለ መስኮት መሳብ፣ አንዳንዴም ኃይለኛ ሳል ይበቃል። ብዙውን ጊዜ የሚደፈጠጠው የአጥንቱ የፊት ክፍል ነው። የኋላው ቁመቱን እንደያዘ ስለሚቀር አጥንቱ እንደ ሽብልቅ ይሆናል፤ ጀርባ የሚጎብጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ስብራቱ የሚበዛው በደረት አከርካሪ መሐልና ደረት ከወገብ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው።

ድንገት የጀመረ፣ ሲቆሙ የሚብስና ሲተኙ ቀለል የሚል የጀርባ ሕመም ካለ ራጅ መነሳት ያስፈልጋል። ሳያሙ የሚያልፉ ስብራቶችም አሉ። ከወጣትነት ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል መቀነስ፣ ወይም ቀሚስ ከፊት እየረዘመ ከኋላ እያጠረ መምጣት በቸልታ አይታለፍም። እግር ከደከመ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ ግን ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ከዚህ በፊት የታከመ ካንሰር ካለም ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይቅሩ፤ አከርካሪ የሚሰበረው በአጥንት መሳሳት ብቻ አይደለም።

ሕመሙ በበረታበት ጊዜ

አብዛኛው ስብራት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠግናል፤ ሕመሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ትልቁ ስህተት እስኪሻል ድረስ አልጋ ላይ መዋል ነው። ክብደት የማይሸከም አጥንት ይበልጥ ይሳሳል፣ ጡንቻም በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል። ሙሉ ዕረፍት ቢያስፈልግ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን አይለፍ። ከዚያ በኋላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል ጉልበትን አጥፎ በጀርባ መተኛት፣ በመሐሉ ደግሞ ከቤት ውስጥም ቢሆን አጭር አጭር መንገድ መራመድ ይሻላል።

ከአልጋ ሲነሱ ፊት ለፊት ቀና ብለው አይነሱ፤ ይህ የተደፈጠጠውን አጥንት እንደገና ይጫነዋል። መጀመሪያ ጉልበትዎን ያጥፉ። ከዚያ ትከሻዎና ዳሌዎ ሳይቀዳደሙ፣ እንደ ግንድ አንድ ላይ ሆነው ወደ ጎን ይዙሩ። እግርዎን ከአልጋው ጠርዝ እያወረዱ በታችኛው ክርንና በላይኛው መዳፍ ፍራሹን ይግፉ፤ የእግር መውረድና የእጅ መግፋት እኩል ከሆነ ወገብ ሥራ አይበዛበትም። ተቀምጠው አንድ ደቂቃ ይቆዩ፤ ማስታገሻ ሊያዞርና ሊጥል ይችላል። ሲተኙ ይህንኑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያድርጉት።

ማስታገሻን ሕመሙ ከፈነዳ በኋላ ከመዋጥ በሰዓቱ መዋጥ ይሻላል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ ሲሆን በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይበልጥም፤ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ወይም ጉበታቸው ለታመመ ሰዎች መጠኑ ዝቅ ስለሚል ሐኪም ይወስነው። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ ደርበው አይውሰዱ። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉት በዕድሜ የገፋን ሰው ጨጓራና ኩላሊት ስለሚጎዱ ሳይጠይቁ አይጀምሩ። እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፤ ማማጥ ደግሞ አከርካሪን ይጫናል። ስለዚህ የድርቀት ማለስለሻው ከማስታገሻው ጋር በአንድ ቀን ይጀመር።

የጀርባ መደገፊያ ቀበቶ ለመቆምና ለመራመድ የሚረዳ ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት ይጠቅማል። ለወራት ከታሰረ ግን የጀርባ ጡንቻን ያደክማል።

መጎንበስና መዞር

አጥንቱ ቢጠግንም የተደፈጠጠው ወደ ቀድሞ ቁመቱ አይመለስም፤ ስለዚህ የአጎነባበስ ልማድ ለዘለቄታው መቀየር አለበት። ወገብን ከማጉበጥ ይልቅ ከዳሌ መታጠፍ ነው ቁም ነገሩ፦ መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ጉልበት አጠፍ፣ ደረት ወደ ፊት ክፍት። ሕመሙ ሲቀል ረጅም እንጨት በጀርባዎ ላይ በቁመት ይዘው ይለማመዱ። ሲታጠፉ እንጨቱ ከመቀመጫዎና ከላይኛው ጀርባዎ ካልተላቀቀ በትክክል ታጥፈዋል። ዕቃ ይዘው ወገብን አይጠምዝዙ፤ በእግርዎ ረግጠው መላ አካልዎን ያዙሩ። ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣ ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው አንድ እጅዎን ጭንዎ ላይ ይደግፉ፣ ቀና ብለውም ወደ ፊት ይመልከቱ።

ተኝቶ በሆድ ጡንቻ መነሳትና የእግር ጣት መንካት ከስፖርቱ ይውጡ። የሚፈለገው ጀርባን ቀና የሚያደርግ ጡንቻ ነው። በጀርባ ተኝቶ ትከሻን ወደ ፍራሹ ለ5 ሰከንድ መጫንና መልቀቅ ቀላል መነሻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ፊዚዮቴራፒስት ያሳይዎ።

አጥንቱን ማከም

በተሰበሩ ሰዎች ላይ በጣም የሚያሳዝነው ሕመሙ ሲበርድ ሕክምናው መቋረጡ ነው። ካልታከመ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ በዓመቱ ውስጥ ሌላ አከርካሪ ይሰበርበታል። ያለ ከባድ አደጋ የተሰበረ አከርካሪ ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት በራሱ የአጥንት መሳሳት ማረጋገጫ ነው፤ የአጥንት ጥግግት ምርመራው ውጤት (ቲ-ስኮር) የአጥንት መሳሳት መለያ ከሆነው ከ−2.5 በላይ ቢሆንም። የተደፈጠጠ አጥንት በምርመራው ላይ ጠጥሮ ስለሚታይ የወገቡ ቁጥር ሊያታልል ይችላልና የዳሌውንም ይጠይቁ። የታይሮይድ፣ የካልሲየም፣ የቫይታሚን ዲና የኩላሊት ምርመራም አብሮ ይሠራ። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለወራት ከወሰዱ ይንገሩ።

ካልሲየም ከምግብና ከእንክብል ተደምሮ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም ይበቃል። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም ሳይበልጥ ይወሰዳል። ይህ ግን ለሕክምናው መሠረት እንጂ ሕክምናው ራሱ አይደለም።

የአጥንት መሳሳት እንክብል የሆነው አሌንድሮኔት (በሳምንት 70 ሚሊግራም) በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል። ከዚያ በኋላ ለ30 ደቂቃ መተኛትም መብላትም የለም። ቡናና ካልሲየም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል፤ መተኛት ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ ተመልሶ እንዲያቃጥል ያደርጋል። በሕመም ምክንያት ግማሽ ሰዓት ቀና ብሎ መቆየት የማይችል ሰው ይህን መውሰድ የለበትም፤ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠውን ዞሌድሮኒክ አሲድ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጥርስ ማስነቀል ካለብዎ ከመጀመርዎ በፊት ይጨርሱ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ብሽሽት ወይም ጭን ላይ ቆይቶ የማይለቅ ሕመም ከመጣ ያሳውቁ።

ዴኖሱማብ በየ6 ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ሌላ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ነው። ከቀኑ ካለፈ ወይም በሌላ መድኃኒት ሳይተካ ከተቋረጠ አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አከርካሪ ሊሰበርም ይችላል። የመጀመሪያውን መርፌ በተወጉበት ዕለት የሁለተኛውን ቀን ቀጠሮ ይያዙ፤ ቀኑንም እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ ሌላ የቤተሰብ አባልም ይወቀው።